ጠገራ ብሩ ላይ 1780 ስለተጻፈ የ1780 ነው ማለት አይደለም

ቴሌግራም ላይ የድሮ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ቻናሎች ለሚከታተል ሰው ጠገራ ብር ብርቅ አይደለም። በአንድ ፊቱ ሞላ ያለችው ንግሥት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ በንስሩ ዙሪያ ደግሞ 1780 የሚል ቁጥር። ከፎቶው ሥር «ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ኦርጅናል፣ ዋጋ በስምምነት» ይላል። ኮሜንት የሚጽፈው ሰው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ፎርጅድ ነው፣ እንዳትበሉ» ይላል። ግማሹ «እኛም ቤት አለ፣ ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ ሻጩም ኮሜንት ጸሐፊውም ተሳስተዋል። ሳንቲሙ እውነተኛ ብር ሊሆን ይችላል፣ የሠራውም የታወቀ የመንግሥት ማተሚያ ሊሆን ይችላል፣ ግን 240 ዓመት አልሞላውም። ወይም ደግሞ ብር የተቀባ የመዳብ ቅይጥ ይሆናል። በስልክ ፎቶ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ለዚህ ነው «እውነተኛ ነው ወይስ ውሸት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሩቅ የማያስኬደው። «ምን ተብሎ ነው የሚሸጠው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሳንቲሙ እውነተኛ ከሆነ ዓመቱ እንዴት ልክ አይሆንም?

ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ገዥ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 29 ቀን 1780 ነው። ገዥ ሲቀየር ሳንቲሙ ላይ ያለው መልክም አብሮ ይቀየራል፣ ወጉ ያ ነው። የእሷ ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በአረብ አገሮችና በእኛ ገበያ ስለተለመደ ሰው ሌላውን አልቀበልም አለ። ቡና ወይም ቆዳ ልግዛ ብሎ የመጣ ነጋዴ ሴትዮዋን ካልያዘ አይስማሙለትም። ስለዚህ ማተሚያዎቹ መልኳንም ዓመቱንም ሳይነኩ መሥራታቸውን ቀጠሉ። በራሷ በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1858 መገበያያነቱ ቀርቷል፣ ውጭ አገር ግን ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። ቪየና ያለው የገንዘብ ማተሚያ ዛሬም ያትመዋል። ዛሬም 1780 ይላል።

ጉዳዩ ይበልጥ የተወሳሰበው በእኛው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ወታደሩ አገሩ ውስጥ የሚያወጣው ገንዘብ ጠገራ ብር መሆን ነበረበት። ወረቀት ማን ይቀበለዋል? ከኦስትሪያ ጋር ተስማምቶ የማተሚያ ቅርጹን ወሰደና ሮም ላይ ማተም ጀመረ። መብቱ ለጣሊያን ብቻ ለ25 ዓመት የተሰጠ ስለነበር ሌሎቹ ነጋዴዎች ብር አጠራቸው። ይህን ያየችው እንግሊዝ በ1936 ለንደን ላይ የራሷን አተመች። ፓሪስና ብራስልስም አተሙ። በ1940 እና 41 ደግሞ፣ እንግሊዝ ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ስትዘምት፣ ቦምቤይም አተመ። ሁሉም ላይ ያው ሴትዮ፣ ያው ንስር፣ ያው 1780። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ በጠቅላላው 389 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል።

እንግዲህ ቦምቤይ የታተመው ፎርጅድ ነው? የማተም መብቱ ላይ ጭቅጭቅ ነበር። ነገር ግን ክብደቱ ያው፣ የብር መጠኑ ያው ነው፣ ያሳተመውም መንግሥት ነው። ሰብሳቢዎች እነዚህን «ዳግም የታተሙ» ብለው ይመድቧቸዋል እንጂ ፎርጅድ አይሏቸውም። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ውሸቱ የሚጀምረው አንድ ሰው የቦምቤዩን አንስቶ «አፄ ቴዎድሮስ ሳይወለዱ የነበረ» ብሎ ሲሸጠው ነው።

ታዲያ ፎርጅድ የሚባለው የቱ ነው?

አራት ነገሮችን እንለይ። በዘመኑ የታተመ አለ። ዳግም የታተመ አለ፣ አሁን ያየነው ነው። ሦስተኛው ቅጂ ነው። ለሙዚየም፣ ለማስተማሪያ፣ ለፊልም ወይም ለቱሪስት ማስታወሻ ተብሎ የሚሠራ፣ ቅጂ መሆኑን የማይደብቅ ማለት ነው። አራተኛው ፎርጅድ ነው፣ ሰው እንዲሸወድበት ታስቦ የሚሠራ።

የቅጂና የፎርጅድ ልዩነት ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ አይታይም። ዲግሪያችሁን ፎቶ ኮፒ ብታስደርጉ ማንም አይከሳችሁም። ያንኑ ኮፒ በከለር አሳምሮ ኦርጅናል ነው ብሎ ለቀጣሪ ያስረከበ ግን ወንጀል ሠርቷል። ሳንቲምም እንደዚያው ነው። ወንጀለኛ የሚያደርገው የሻጩ አፍ ነው።

የብሪቲሽ ሙዚየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሮበርት ሬዲ የሚባል ባለሙያ ነበረው። የሙዚየሙን ጥንታዊ ሳንቲሞች በኤሌክትሪክ ዘዴ እየገለበጠ ለተማሪና ለተመራማሪ ያዘጋጅ ነበር። ሥራው በጣም ጥሩ ነበር፣ ስለዚህ ጠርዙ ላይ የስሙን ፊደል እያተመበት ይለቀው ነበር። ያን ፊደል በሞረድ ያጠፋ ሰው ግን የሬዲን ንጹሕ ቅጂ ወደ ፎርጅድ ለወጠው ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣችው የሰብሳቢዎች መጠበቂያ ሕግም መነሻው ይኸው ነው። ማንኛውም አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም «ኮፒ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተቀርጾበት እንዲሸጥ ያስገድዳል። በ2014 ሕጉ ሰፋ ተደርጎ እያወቀ የሚያግዘውንም ሰው እንዲይዝ ሆኗል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ተቀምጣችሁ ኦንላይን የምትገዙ ከሆነ ይህ ሕግ ይመለከታችኋል። ቃሉ የሌለበት ቅጂ ከደረሳችሁ ለመከራከር መነሻ አላችሁ።

ፎርጅዱም ራሱ ሁለት ዓላማ አለው። አንዱ ገበያ ላይ ለማውጣት ነው። እንግሊዝ አገር የድሮው አንድ ፓውንድ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ከመቶው ሦስት ያህሉ ፎርጅድ ሆኖ ስለተገኘ በ2017 በአሥራ ሁለት ማዕዘኑ ተተካ። ሁለተኛው ሰብሳቢን ለመብላት ነው። ዛሬ በጠገራ ብር ጤፍ የሚገዛ ስለሌለ የአሁኑ የጠገራ ፎርጅድ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ድሮ ነጋዴው እንዴት ይለይ ነበር?

ፎርጅድ የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ። የድሮው የእኛ ነጋዴ ይህን ጣጣ ያውቀው ስለነበር ዝም ብሎ ብር አይቀበልም። ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ አይቶ ዙሪያውን የከበቡትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል። ዘውዷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ያያል። ከመልኳ ሥር ያሉትን ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ይፈልጋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እነዚያን ሁለት ፊደሎች በቅርጻቸው ያውቃቸው ነበር። አንዷ ዕንቁ ከተፋቀች ብሩ ይመለሳል። የዘመኑ የአውሮፓ ተጓዦች በዚህ በጣም ተማረው ጽፈዋል፣ ቦርሳ ሙሉ ብር ይዘው እየተመረጠ ሲጣልባቸው።

ይህ ቆጠራ ያኔ ለነጋዴው በቂ ነበር። እሱ የሚፈልገው ብሩ ሙሉ መሆኑን እንጂ የት እንደታተመ አይደለም። ለዛሬ ፎርጅድ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም የዛሬው ፎርጅድ ዕንቁዎቹን አሟልቶ ይመጣል።

ፎርጅዱ የሚሠራው እንዴት ነው?

እውነተኛ ሳንቲም ተመትቶ ነው የሚወጣው። ክብ የብር ዝርግ በሁለት ጠንካራ የብረት ቅርጾች መሃል ይገባና በብዙ ቶን ኃይል ይጨፈለቃል። ብሩ እየተገፋ የፊደሉ ጥግ ድረስ ይገባል። ለዚያ ነው የፊደሎቹ ጫፍ ሹል የሚሆነው።

ርካሹ ፎርጅድ ደግሞ ይቀለጥና ይፈስሳል። ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅርጽ ይወሰዳል፣ ቀልጦ የተዘጋጀ ብረት ይገባበታል። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ሳንቲሙ ከዋናው ትንሽ ያንሳል። አየር ተይዞ ይቀርና ገጹ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎችና ትንንሽ እብጠቶች ይቀራሉ። ፊደሎቹ ሳሙና የነካቸው ይመስል ክብ ክብ ይላሉ። ጠርዙ ላይ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተገናኙበት መስመር ይኖራል። ሠሪው መስመሩን በሞረድ ያጠፋና የሞረዱ ጭረት በቦታው ይተካል። ማጉያ መነጽር ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ይይዘዋል።

አስቸጋሪው ሌላው የፎርጅድ ዓይነት ነው። ሠሪው ከአንድ እውነተኛ ሳንቲም ላይ የብረት ቅርጹን ራሱን ገልብጦ እንደ ደንቡ በማሽን ይመታል። አሁን ፊደሉ ሹል ነው፣ ቀዳዳ የለም። ግን አንድ ነገር ያጋልጠዋል። የተገለበጠው ሳንቲም በኪስ ሲዞር የኖረ ነው፣ ጉንጯ ላይ ጭረት፣ ንስሩ ክንፍ ላይ ጎድጓዳ ይኖረዋል። ቅርጹ ሲገለበጥ ጭረቱም አብሮ ይገለበጣል። በኋላ ከተለያየ ሻጭ የመጡ ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እዚያው ቦታ ላይ ያቺው ጭረት ትገኛለች። ሁለት ሳንቲም በሕይወቱ አንድ ዓይነት አደጋ አይደርስበትም። ሰብሳቢዎች ፎቶ እየተለዋወጡ ፎርጅድ የሚይዙበት ትልቁ ዘዴ ይሄ ነው።

አሮጌ ማስመሰልም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር የጥንት ሳንቲሞችን ቅርጽ በእጁ እየቀረጸ ያትም ነበር። አዲስነታቸውን ለማጥፋት የብረት ብናኝ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሠረገላው ላይ አስሮ ይዟቸው ይዞር ነበር ይባላል። የተጠቀመባቸው የማተሚያ ቅርጾች ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ አሉ። ሳንቲሞቹም የቤከር ሥራ ተብለው፣ ፎርጅድ መሆናቸው እየታወቀ፣ ይሰበሰባሉ።

ቤት ውስጥ እንዴት ልመርምረው?

ማግኔት አስጠጉ። ከሳበው ብር አይደለም፣ በቃ። ካልሳበው ግን ገና ምንም አላወቃችሁም፣ መዳብም እርሳስም ነሐስም በማግኔት አይሳቡም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

ጠርዙን አዙራችሁ እዩ። ጠገራ ብር ጠርዙ ላይ ከፍ ከፍ ባሉ የላቲን ፊደሎች «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» ይላል፣ በፍትሕና በምሕረት እንደማለት ነው። በቃላቱ መሃል ጌጥ አለ። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም እንደ ዘመኑ ሳንቲም ጥርስ ጥርስ ካለው መልሱለት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሚዛንና ውሃ ነው። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ የግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። በጣም ያለቀ ከሆነ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ክብደቱ ልክ ከመጣ ወደ ውሃው ሂዱ። ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ግን የብርጭቆውን ታችም ሆነ ግድግዳ አይንካ። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የያዘውን ቦታ ይነግራችኋል። ለእውነተኛ ጠገራ 2.75 አካባቢ መሆን አለበት። 28.07ን ለ2.75 ስታካፍሉ 10.2 ይመጣል፣ የዚህ የብርና የመዳብ ቅይጥ እፍጋት እሱ ነው።

ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ፎርጅድ ክብደቱን ሊያመጣ ይችላል፣ ግን የበለጠ ቦታ ይይዛል። ሚዛኑ 3.1 ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። እርሳስ የበዛበት ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። እርሳስና ቆርቆሮ አመጣጥኖ 10.2 የሚያመጣ ሠሪ አይጠፋም፣ ያ ግን ለስላሳ ነው፣ ጣት ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቃችሁ በመጻፊያ እርሳስ ኳ ስታደርጉት እንደ ብር አይጮህም፣ ድፍን ድምፅ ይሰጣል።

ሙከራው የማይነግራችሁ ነገር አለ። 2.75 ካሳየ «ብር ነው» ይላል እንጂ ቪየና ወይም ለንደን ወይም ሮም አይልም። ያን የሚለዩት የንስሩን የጅራት ላባ፣ የዕንቁዎቹን ቅርጽ፣ የጠርዙን ጌጥ እያነጻጸሩ የሚያዩ ሰዎች ናቸው፣ ለዚያ ካታሎግና ትዕግሥት ይጠይቃል።

የምኒልክ ብርስ?

አፄ ምኒልክ በስማቸው ፓሪስ ያስቀረጹት ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዞ ነው የመጣው። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከጠገራ ጋር እኩል ተደረገ፣ የብር መጠኑም ይቀራረባል። የውሃው ሙከራ ለእሱም ይሠራል። በዚያን ጊዜ ገበያው ጠገራውን አልተውም ብሎ አስቸግሮ ነበር፣ ዛሬ ግን ሰብሳቢው የሚሻማው በምኒልኩ ነው። ስለዚህ ፎርጅዱም ወደዚያው ሄዷል።

እኛ ግን ከፈረንጅ ሰብሳቢ የምንበልጥበት አንድ ነገር አለ፣ ማንበብ እንችላለን። በአንድ ፊቱ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በአንበሳው በኩል «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይላል፣ ዓመቱም በግእዝ ቁጥር ነው። ፊደል በፊደል አንብቡት። የኛ ፊደል ቀጫጭን እግርና ቀለበት ይበዛዋል፣ ቀልጦ በፈሰሰ ሳንቲም ላይ መጀመሪያ የሚደፈኑት እነዚያ ናቸው። «ሠ» መሃሏ ከተሞላ፣ የ«ዐ» ቀዳዳ ከጠፋ፣ የቀረው ገጽ ግን አዲስ ከሆነ፣ ያ በዕድሜ የመጣ አይደለም።

የአክሱም ሳንቲም ቢቀርብልኝስ?

አክሱም ከተማ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ልጅ ቀርቦ ከኪሱ የወረቀት ጥቅልል ያወጣና አረንጓዴ የወረሰው ትንሽ ሳንቲም ያሳያል። «እርሻ ላይ የተገኘ ነው።»

የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ያሳትሙ ነበር። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ወርዶ መስቀል ገባ። አንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ዘውዱ ወይም መስቀሉ ላይ ብቻ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ላይ በእጅ ወርቅ ማስገባት ለፎርጅድ ሠሪ አድካሚ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ጋ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ሳንቲም ሲቀርብላችሁ ምርመራው ብዙ አያሻም። ፎርጅድ ከሆነ ተሸወዳችሁ። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ኤርፖርት ላይ ምን እንደሚጠብቃችሁ አስቡት። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ አያዋጣም።

ይህ ከኪሳችን በላይ የሆነበት ምክንያትም አለ። ከአክሱም ነገሥታት ውስጥ ስማቸው በሳንቲም ብቻ የታወቀ በርካታ ናቸው፣ ሐውልት የላቸውም፣ የድንጋይ ጽሑፍ የላቸውም። አንድ የተዋጣለት ፎርጅድ መጽሐፍ ውስጥ ከገባ ያልነበረ ንጉሥ ሊፈጥር ይችላል።

ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገው አስተማማኝ ነው?

ውጭ አገር ሳንቲም መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ። ትልልቆቹ ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና ኤን.ጂ.ሲ. ናቸው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመሩ። ማሸጊያው ላይ ቁጥር አለ። ግን ፎርጅድ ሠሪዎች አሁን ሳንቲሙን ከነማሸጊያው፣ ከነቁጥሩ መሥራት ጀምረዋል። የሚጽፉት ቁጥር ደግሞ ከእውነተኛ ሳንቲም የተቀዳ ስለሆነ ድርጅቱ ገጽ ላይ ስትፈልጉት ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩ መገኘቱ አይበቃም። የሳንቲሙ ፎቶ እዚያ ካለ ጭረት በጭረት አነጻጽሩት።

ዋጋውም ይናገራል። ተራ ጠገራ ብር ውስጥ ያለው ብር ብቻውን ዋጋ አለው። ከዚያ በታች በደርዘን የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ምን እንደያዘ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል።

ከቤተሰብ የወረስኩትስ?

የአያት ሣጥን ውስጥ የተገኘ ጠገራ ፎርጅድ የመሆን ዕድሉ ከኦንላይኑ ያነሰ ነው፣ ዳግም የታተመ የመሆን ዕድሉ ግን ከፍተኛ ነው። በሎሚም በአመድም በጥርስ ሳሙናም አትፈትጉት። ጥቁረቱ ለሰብሳቢ የዕድሜ ምልክት ነው፣ የተፈተገ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደለት ከሆነ የሰብሳቢ ዋጋው እንዲሁ ይቀንሳል፣ የብየዳው ብረትም ሚዛኑን ስለሚያዛባ የውሃው ቁጥር ትንሽ ቢለይ አትደንግጡ። በብርነቱ ግን የሚጎድልበት ነገር የለም። 23.39 ግራሙን በዕለቱ የንጹሕ ብር የግራም ዋጋ አባዙትና መነሻችሁን ያዙ፣ ድርድሩ ከዚያ በላይ ነው።